የኋላ መስመሩን ማን ሠራው? ዋናው ሲሰናበት ምክትሉስ?

በአዲስ አበባ ስታዲየም ኳስ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ጨዋታው ሲያበቃ ከካታንጋም፣ ከሚስማር ተራም፣ ከጥላ ፎቅም የወጣው ሕዝብ ይቀላቀልና ገሚሱ ወደ ለገሃር፣ ገሚሱ ደግሞ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ካዛንቺስ ይተም ነበር። ካዛንቺስ ሲደርስ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል፤ ልዩነቱ በዚህኛው ላይ ዳኛ አለመኖሩ ነው። አጥቂው ለምን ሳተ? በረኛው ለምን ወጣ? ለምን ሰው አልተቀየረም? ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በአንድ ፍርድ ነው፤ "ይሄ አሰልጣኝ ይነሳልን!"

ያ ካዛንቺስ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪውም ደጋፊውም በየአቅጣጫው ሄዷል። የቂርቆስ ልጆች በእግራቸው ይደርሱበት የነበረው ስታዲየምም ለዕድሳት ተብሎ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል። ክርክሩ ግን አብሮ አልፈረሰም። ደጋፊው በሄደበት ሰፈር፣ ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ሁሉ ቀጥሏል። ፍርዱም ያው ነው፤ አሰልጣኙ ይነሳ!

በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው አለ። ምክትሉ! ሲሸነፍ አይሰደብም፣ ሲያሸንፍ ትከሻ ላይ አይወጣም። ዋናው ሲሰናበት ግን አብሮ ሻንጣውን ያስራል፤ ካልሆነም የተሻለ የሚከፍል ክለብ ይወስደዋል። እንዲያው ለመሆኑ አብሮት ምን እንደሚሄድ የጠየቀ አለ? ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው አብሮት የሚሄደው የኋላ መስመሩ ነው።

6 ጨዋታ፣ 13 ግብ

ነገሩን ከዋልያዎቹ እንጀምር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን በአዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ አዲስ አበባ እንቅልፍ አልነበራትም። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን 5 ለ 3 አሸንፋን ስለነበር በመልሱ አንድ ግብ ቢቆጠርብን ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። ያን ቀን ያለፍነው በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች ብቻ አይደለም። ግባችን ሳይደፈር በመውጣቱም ጭምር ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይስ ምን ሆነ? ከዛምቢያ ጋር በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው 1 ለ 1 ተለያየን። ያ የሚያኮራ ውጤት ነበር። በቡርኪናፋሶ ግን 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ ደግሞ መጨረሻ ላይ በተሰጡ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸነፍን። በ3 ጨዋታ 7 ግብ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውነት ቢሻው በ2006 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ወንበሩ ላይ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁበት። ለቀጣዩ አፍሪካ ዋንጫ ያበቃን ከእነሱ በኋላ የመጣው ውበቱ አባተ ነው። ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአስተናጋጇ 4 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከቡርኪናፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። በ3 ጨዋታ 6 ግብ።

ሁለቱን ደምሯቸው። በ6 ጨዋታ 13 ግብ ተቆጠረብን፣ 3 አገባን። ቀይ ካርድ ነበር፣ ተጋጣሚዎቹም ቀላል አልነበሩም፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን በሁለቱ ውድድሮች መካከል 9 ዓመት አለ። በእነዚያ 9 ዓመታት አጥቂ ተፈለገ፣ አማካይ ተመሰገነ፣ "የኛ ጨዋታ ኳስ መቆጣጠር ነው" ተባለ። በየጊዜው አዲስ ዋና አሰልጣኝ ሲመጣ የረዳቶቹም ወንበር ይነቃነቃል። ከደቡብ አፍሪካው ስህተት የተገኘውን ትምህርት ይዞ ካሜሩን የሚደርስ ቋሚ የአሰልጣኞች ቡድን አልነበረንም። የመከላከል ትምህርታችን በየሁለት ዓመቱ ከ"ሀ" ይጀምራል።

መከላከል በልምምድ ሜዳ ነው የሚሠራው

ጥሩ አጥቂ ገንዘብ ካለህ ይገዛል። እሱ አንድ አጋጣሚ አግኝቶ ጨዋታ ይቀይርልሃል። ጥሩ የተከላካይ መስመር ግን እንዲህ አይደለም። 4 ምርጥ ተከላካዮች ገዝተህ ብታሰልፍ ለጊዜው 4 ሰዎች ናቸው እንጂ መስመር አይደሉም። መቼ አብረው ወደፊት እንደሚወጡ፣ መቼ እንደሚያፈገፍጉ፣ የመስመር ተከላካዩ ሲያጠቃ ባዶውን ቦታ ማን እንደሚሸፍን፣ በማዕዘን ምት ማን ሰው እንደሚይዝና ማን ቦታ እንደሚጠብቅ፣ የተመለሰችውን ኳስ ማን እንደሚቀድም ሁሉ በቀን በቀን ድግግሞሽ የሚገባ ነገር ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ተጫዋቹም አይወደውም።

ታዲያ ይህን አሰልቺ ሥራ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያሠራው ማነው? በአብዛኛው ምክትሉ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ጋዜጠኛ አለበት፣ ቦርድ አለበት፣ የተጫዋች ወኪል አለበት፣ ደጋፊ አለበት። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እንኳን የዕለት ልምምዱን ለረዳቶቻቸው ሰጥተው እሳቸው ዳር ቆመው መመልከትን ይመርጡ ነበር።

የኦልድ ትራፎርድ ሁለት ትምህርቶች

የቀያይ ሰይጣኖቹ ነገር ከተነሳ አይቀር ሁለት ክረምቶችን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ2000/01 ዩናይትድ ሻምፒዮን ሲሆን የተቆጠረበት 31 ግብ ነበር። በዚያው ክረምት ምክትሉ ስቲቭ ማክላረን ሚድልስብራን ሊያሠለጥን ሄደ። ፈርጉሰን በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ ብለው ስለነበር ክለቡ የእሱን ያህል ክብደት ያለው ሰው በቦታው ሳያመጣ ቀረ። በ2001/02 ስንት ገባበት? 45! ዩናይትድም ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። እርግጥ ያፕ ስታም ለላዚዮ የተሸጠው በዚያው ሰሞን ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በማክላረን መሄድ ላይ መጫን አይቻልም። ሆኖም በ2002 ካርሎስ ኬሮዝ በምክትልነት ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 34 ወረደ፣ ዋንጫውም ተመለሰ።

ሁለተኛው ክረምት 2008 ነው። በ2007/08 ዩናይትድ የገባበት 22 ግብ ብቻ ነበር። ኬሮዝ ፖርቱጋልን ሊያሠለጥን ሲሄድ ብዙዎች "አለቀ" አሉ። አላለቀም። ክለቡ ለዓመታት በቤቱ የነበረውን ማይክ ፊላንን ወደ ምክትልነት አሳደገው። በ2008/09 የገባበት 24 ግብ ነው፤ ቫንደርሳር በሊጉ 1,311 ደቂቃ ሳይደፈር የቆየውም በዚያ ዓመት ነው። ፈርዲናንድና ቪዲች ነበሩ ትሉ ይሆናል። ነበሩ! ግን የሚያሠራቸው ሰው ቋንቋ አልተቀየረባቸውም።

ከሁለቱ የምንማረው ግልጽ ነው። ምክትል ይሄዳል፣ በሰንሰለት አይታሰርም። ጥያቄው ሲሄድ ቦታውን የሚይዝ ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይስ የለም ነው።

የአርሴናል ደጋፊ የሆነ አንባቢም ይህን ይወቅ። መድፈኞቹ በ2023/24 በ29 ግብ፣ በ2024/25 በ34 ግብ ከሊጉ ትንሽ የተቆጠረባቸው ክለብ ነበሩ። አርቴታ ራሱ እስከ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ድረስ የጓርዲዮላ ምክትል ነበር። የቆመ ኳስ አሰልጣኙ ኒኮላ ጆቬርም የመጣው ከማንቸስተር ሲቲ ነው። ሲቲ ያሳደጋቸውን ሰዎች አርሴናል ወሰደ ማለት ነው። አሁን ተራው የአርሴናል ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ወጣቱ ረዳት ካርሎስ ኩዌስታ የጣሊያኑ ፓርማ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። አርሴናልም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ በተጫዋችነቱ ተከላካይ የነበረውን ገብርኤል ሄንዜን አመጣ።

የፈረሰኞቹ ምስክርነት

"እሱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም" የሚል ካለ የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ ያስታውስ። ፈረሰኞቹ በ2009 ዓ.ም. በሆላንዳዊው ማርት ኖይ ሥር ዋንጫ ወስደዋል፤ በዚያው ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነዋል። ከዚያ ድርቅ መጣ። ከፖርቱጋል፣ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከሰርቢያ አሰልጣኝ ቢመጣም ዋንጫው ግን እምቢ አለ። ጀርመናዊው ኧርነስት ሚደንዶርፕማ በቅጡ ሳንተዋወቅ ነው የሄደው።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች በውድድሩ መሃል ሲሰናበት ክለቡ ኃላፊነቱን የሰጠው ለዓመታት በምክትልነት ለቆየው፣ በተጫዋችነቱም ማሊያውን ለለበሰው ዘሪሁን ሸንገታ ነበር። ውጤቱስ? የ2014 ዋንጫ፣ ከዚያም የ2015 ዋንጫ! ክለቡ 30ኛውንና 31ኛውን የአገር ሻምፒዮንነቱን ያገኘው ከሩቅ አገር ባስመጣው ሳይሆን በገዛ ልምምድ ሜዳው ላይ ኮን ሲደረድር በነበረው ሰው ነው። ባየርን ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒኮ ኮቫችን አሰናብቶ ለምክትሉ ለሃንሲ ፍሊክ ቡድኑን ሲሰጥና ፍሊክ ሦስት ዋንጫ ሲያነሳ ዓለም አጨብጭቧል። የኛው ታሪክ ከዚያ አያንስም።

ልብ በሉ፤ ያ የተሳካው ታቅዶ አይደለም። ዋናው ተሰናብቶ፣ ጊዜው ጠቦ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ተጠርቶ ነው። በዕድል የተገኘውን በዕቅድ ብናደርገውስ?

ተቃራኒውንም እንይ። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። በቀጣዩ ዓመት መቐለ 70 እንደርታ ሄደ፤ ዋንጫውም አብሮት ሄደ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ደገመው። ለአሰልጣኙ ትልቅ ክብር ነው። ለክለቦቹ ግን ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ሲወጣ ዕውቀቱን የያዘ ማን ቀረ?

"ዋናው የራሱን ሰው ይዞ ቢመጣስ?"

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ አሰልጣኝ የሚያምነውን ሰው አጠገቡ ቢፈልግ አይፈረድበትም። በማያምነው ምክትል ተከቦ መሥራትም ከባድ ነው፤ በየመልበሻ ክፍሉ "ይሄ ሰው ወንበሬን እየጠበቀ ነው" የሚባለው ጥርጣሬ ስንቱን ቡድን አምሷል። መፍትሔው ግን ቤቱን ጠርጎ ማውጣት አይደለም። ባየርን ቫንሃል መጣ ሄይንከስ፣ ጓርዲዮላ መጣ ሌላ፣ ኸርማን ጌርላንድን በቤቱ አቆይቷል። አዲሱ ሰው የራሱን ረዳት ያመጣል፤ ክለቡ ደግሞ የራሱን አንድ ሰው ያስቀምጣል።

ለክለቦቻችን ይህ የሚሊዮኖች ወጪ አይደለም። አንደኛ፣ ቢያንስ የአንድ ምክትል ውል ከዋናው ውል ይለይ፤ ዋናው ሲሰናበት የእሱ አብሮ አይቀደድ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ተጠባባቂ ተጫዋች ፊርማ ከሚወጣው ላይ ተቀንሶ ደመወዙ ይስተካከል፤ ለትንሽ ጭማሪ ብሎ እንዳይሄድ። ሦስተኛ፣ የካፍ ላይሰንሱን እንዲያሳድግ ክለቡ ያግዘው፤ ቀን ሲመጣ "ወረቀት የለህም" ተብሎ እንዳይመለስ። አራተኛ፣ ከታችኛው ቡድን አሰልጣኞች አንዱ ከሥሩ ይሠልጥን። እሱ ሲያድግ ያኛው ይተካዋል። ፌዴሬሽኑም ለብሔራዊ ቡድኑ ይህንኑ ቢያደርግ ቀጣዩን አፍሪካ ዋንጫ ከ"ሀ" አንጀምርም።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። "ይነሳልን!" ማለት መብታችን ነው፤ ቡድን ሲወድቅ ዝም ይበል የሚለን የለም። ግን ቦርዶች የሚሰሙት የምንጮኸውን ብቻ ነው። ስለ ምክትሉ ጮኸን አናውቅም፣ እነሱም ስለ እሱ አስበው አያውቁም። ክለብዎ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ዋና አሰልጣኝ ከማሊያ ጋር ፎቶ አንስቶ ሲያሳይዎት "ሰውየው ማነው?" ብለው ብቻ አይለፉ። "አምና ተከላካዮቹን ሲያሠራ የነበረውስ አለ ወይስ ሄደ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ "ሄደ" ከሆነ፣ በሰኔ የሚቆጠረውን የግብ ዕዳ ከመስከረም ጀምሮ ማስላት ይችላሉ።