ሳቁ በማን ላይ ነው?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ኩልመስክ የተመለስን ተማሪዎች አንድ ምሽት ግጥም አስነብበን ነበር። የመረጥነው የመንግሥቱ ለማን «ባሻ አሸብር ባሜሪካ» ሲሆን፣ ሦስት ፈቃደኞች ያንኑ ግጥም በየተራ አነበቡት። «አንድን ግጥም ሦስት ጊዜ መስማት ጊዜ ማባከን ነው» ብለው የነቀፉን ጓደኞች አሉ። በበኩላችን የምሽቱ ትምህርት የተገኘው ከዚሁ ነው እንላለን።

የመጀመሪያው አንባቢ ባሻን ምንም የማያውቁ ባላገር አድርጎ፣ አነጋገራቸውን እያጣመመ አቀረባቸው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም፤ የተቀለደው በእነርሱ አንደበት ነበርና። ሁለተኛዋ ባሻን እንደ ኩሩ ሰው፣ ሳትቀልድ አነበበቻቸው። ሳቁ ዘግይቶ መጣ፤ የመጣውም ሰውን በቆዳው ቀለም በሚለየው ያሜሪካ ሥርዓት ላይ ነበር። ያ ልዩነት በ1956 ዓ.ም. በሕግ መከልከሉን ለማያውቁት ወጣቶች ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛው፣ ቀድሞ የቅኔ ተማሪ የነበሩ አባት፣ በየስንኙ እያረፉ አነበቡ። እርሳቸው ባረፉበት ቦታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣብን ጀመር፦ ባሻ የተቆጡት ለሰው ልጅ ክብር ነው ወይስ ለገዛ ማዕረጋቸው? በዚህ ጊዜ የሳቅነው በራሳችን ነው።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ ቅኔን የሰማ ሁሉ በሰሙ ብቻ ረክቶ አይሄድም። መንግሥቱ ለማም (1916–1980) የሰው አንደበት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የታተመውን ያባታቸውን ያለቃ ለማ ኃይሉን የትዝታ መጽሐፍ ያዘጋጁት ከአባታቸው አፍ ሰምተው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። አንደኛ፣ በንባብ ምሽት አንደኛና ሁለተኛ እያሉ መሸለም ይቅር፤ አንዱ ግጥም በብዙ አንደበት ይሰማ። ሁለተኛ፣ ባላገርን እያስመሰለ ሊያስቅ የሚነሣ ጓደኛ አስቀድሞ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ይመልከት። እኛም ብንሆን የዚያኑ ሰው ልጆች ሆነን ሳለ፣ በመጀመሪያው ንባብ ከሳቁት መካከል ነበርን።

በሚመጣው ክረምት ያነብቡልን ዘንድ እነዚያን ሽማግሌዎች እንጠይቃቸው።