ተማሪ ቤት ለሕዝብ የሚሰጠው ምንድን ነው

ትምህርት ለአገር የሚጠቅም መሆኑን ዛሬ የሚክድ አይገኝም። ነገር ግን ትምህርት በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፤ ጥቅሙም ለሁሉ ነው ወይስ ለጥቂቶች፤ ይህ ገና ያልተቆረጠ ክርክር ነው። የሰውን ማኅበራዊ ኑሮ የሚመረምሩ የኤውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት በዚህ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲሟገቱ ኖረዋል። ሙግቱ የባዕድ አገር ነገር ነው ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ከእንጦጦ ተራራ በታች በጉለሌ ያለው አንድ ተማሪ ቤት ብቻውን ለተሟጋቾቹ ሁሉ ምስክር ሊሆን ይበቃልና።

ይህ ተማሪ ቤት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የከፈቱት ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት በከፈቱ ጊዜ፤ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖትን ያናውጣል የሚል ሥጋት በቤተ ክህነት ዘንድ ስለ ነበረ፤ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች ወገን እንዲመጡ ተደረገ። ይህን ሥጋት ኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ድንቁርና እያለ አሳልፎታል። ነገር ግን ፈረንሳዊው ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በዚያው ዘመን ያስተምር የነበረው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ትምህርት ማለት፤ ይላል ዱርኬም፤ የበሰለው ትውልድ ለማኅበር ኑሮ ገና ያልበሰለውን ትውልድ በልማዱና በሕጉ አምሳል መቅረጽ ነው። እንግዲያስ ቀራጩ ማን እንደሚሆን መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ እንጂ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም በዚህ ሚዛን ሲመዘን ቀላል ሆኖ አይገኝም። በንባብ ቤት፤ በዜማ ቤት፤ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት የድኻው ልጅ ቁራሽ እየለመነ ከባላባቱ ልጅ ጋራ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ዕውቀቱ ከሠመረለትም የአባቱ ድህነት ከሊቅነት አይከለክለውም ነበር። ሴት ልጅ ግን፤ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር፤ ከዚያ ጉባኤ ውጭ ነበረች።

ሁለተኛው ወገን የዱርኬምን አሳብ አጥብቆ ይቃወማል። ፈረንሳውያኑ ፒዬር ቡርዲዮና ዣን ክሎድ ፓስሮን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ባወጡት መጽሐፍ፤ ተማሪ ቤት ለሁሉ እኩል መስሎ ሲታይ፤ በእውነቱ ግን ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋና አስተዳደግ መርምሮ በምስክር ወረቀት ያጸድቅለታል ይላሉ። እንዲህም ሲሆን የባለጠጋው ልጅ በችሎታው ያለፈ፤ የድኻው ልጅ በስንፍናው የወደቀ ይመስላል፤ ከሁሉ የሚከፋውም የድኻው ልጅ ራሱ ይህን አምኖ መቀበሉ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ክርክር በመጽሐፍ ሳይሆን በአደባባይ አይታዋለች። በ1964 ዓ.ም. የአገሪቱን ትምህርት የሚመረምር ትልቅ ጥናት ተደረገ። የጥናቱ አሳብ አብዛኛው ሕፃን ከአራት ዓመት ያልበለጠ ትምህርት ተምሮ ወደ እርሻውና ወደ ሥራው እንዲመለስ፤ ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ግን የተቈጠረ እንዲሆን የሚያደርግ ነበረ። አሳቢዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ገንዘቡ ጥቂት፤ ሕፃናቱ ብዙ፤ ተምሮ ሥራ ያጣውም እየበዛ ስለ ሆነ፤ ያለውን ለብዙዎች ማዳረስ ይሻላል ብለው ነው። አባቶችና እናቶች ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነበር፤ የእኛ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር፤ የሹሙ ልጅ ሹም ይሁን የሚል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ጥናቱን ለማገድ ተገደደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዘውዱ ራሱ ወደቀ። ለውድቀቱ ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ቢሆንም ሕዝብ ለልጁ የተዘጋ በር ሲያይ ምን እንደሚሆን ያ የካቲት አሳይቷል።

ሦስተኛው ነገር የወረቀቱ ነገር ነው። አሜሪካዊው ራንዳል ኮሊንስ በ1979 እንደ ጻፈው፤ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ሲበዛ የወረቀቱ ዋጋ ይወርዳል፤ ሥራው ሳይለወጥ የሚጠየቀው ወረቀት ግን ከፍ ይላል። ይህን ለማስረዳት ለመንግሥት ሹማምንት ማስረጃ መቍጠር አያስፈልግም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚቀርበው ማመልከቻ ይበቃል።

በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ቅጥር ዛሬ የእንጦጦን ስም ይዞ የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ይሰጣል። በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የመንግሥት ሠራተኞች የወጡበት ስፍራ ብረት ቀጥቃጭና ኤሌክትሪክ ሠሪ ማውጣቱን እንደ ውርደት የሚያይ አለ። የእጅ ጥበብን መናቅ ግን የቆየ በሽታ ነው፤ ምኒልክም ጥበበኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። የሚያሳዝነው ጥበቡ አይደለም፤ ወደዚያ የሚላከው ከሌላው የወደቀው ብቻ መሆኑ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ890,000 በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 የሚበልጡ ተማሪ ቤቶች አንድ ሰው እንኳ አላሳለፉም። የፈተናው ጥብቅ መሆን የተሰረቀ ውጤትን አስቀርቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መምህርና መጽሐፍ የሌለበትን ተማሪ ቤትና ሁሉ የተሟላለትን ተማሪ ቤት በአንድ ሚዛን መመዘን፤ ሚዛኑ ምንም ቢታመን፤ የሚለካው የልጁን ትጋት ብቻ አይሆንም።

በእንጦጦ ራስ ላይ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከዋክብት የሚመረመሩበት ቤት ተሠርቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ለተላከችው ሳተላይት መቈጣጠሪያ የሆነውም ይህ ተራራ ነው። በዚያው ተራራ መንገድ ሴቶች ከባሕር ዛፉ ጫካ የማገዶ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ብዙ ዘመን ኖረዋል። የእንጨት ተሸካሚዋ ልጅ ከቴሌስኮፑ ዘንድ የምትደርስ ከሆነ ዱርኬም ረታ፤ ካልደረሰች ቡርዲዮ። ይህን ለመቍረጥ ውጤቱን በተማሪ ቤትና በክልል መቍጠር አይበቃም፤ የተፈታኙ ወላጅ በምን ሥራ እንደሚተዳደር በፈተናው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ተጨምሮ ቢጻፍ ግን ሊቈጠር ይቻላል።