ርካሽ ኖዝል ውድ ዘር ይበላል

የቆጋ መስኖ በመራዊ ዙሪያ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መስመርም ድንች አምራቹ ብዙ ነው። መሬትና ውሃ ባለበት አገር ገበያው የሚጮኸው በንጹህ ዘር እጦት ነው። ገበሬው ከጎረቤት ወይም ከገበያ ገዝቶ የሚተክለው ድንች ላዩ ደህና መስሎ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታን በውስጡ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሽታው በዘር፣ በአፈርና ከማሳ ማሳ በሚፈስ የመስኖ ውሃ ይዛመታል።

ፍላጎት ኖሮ አቅርቦት ሲጎድል ገንዘብ ያለው ሰው መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ የከተማ ባለሀብቶችን ዓይን የሳበው ድንችን ያለ አፈር ማምረት፣ ባለሙያዎች «ኤሮፖኒክስ» የሚሉት ዘዴ ነው። ጉደኔና በለጠ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች ያወጣው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህንኑ ዘዴ ሞክሮታል። ከቲሹ ካልቸር የመጣ ችግኝ ሥሩ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ይረጭበታል። የሚያፈራቸው ትንንሽ ድንቾች እየበሰሉ ስለሚለቀሙ ከአንድ ተክል የሚገኘው ዘር በአፈር ከሚገኘው በብዙ ይበልጣል። ሥራው በመኖሪያ ግቢም ሊጀመር ይችላል።

ትርፍና ኪሳራው የሚለየው ግን ከዕቃው ሁሉ በሚያንሰው በኖዝሉ ላይ ነው። ለገበያ የሚቀርበው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ጉም የሚያወጣው ነው፤ ቀዳዳው ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ5 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል። ሁለተኛው ለመስኖ የሚያገለግለው የፕላስቲክ ኖዝል ነው፤ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በ2 ወይም በ3 ባር ይሠራል። ሻጭ የመጀመሪያውን ያሞግሳል፤ ጉሙ ዓይን ይማርካልና። ነገር ግን በየሱቁ የምናገኘው ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ካርቶኑ ላይ ቢበዛ 40 ሜትር ይላል። ይህ 4 ባር ማለት ነው፤ ያውም ውሃው ሳይፈስ። በዚህ ፓምፕ የጉም ኖዝል ማሠራት ማንጠባጠብ ብቻ ነው። ግፊቱን እናሳድግ ቢባልም ፍሰቱን በእጥፍ ለመጨመር ግፊቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። የድንች ሥር ደግሞ በመስኖው ኖዝልም ያድጋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃው ነው። የቦይ ውሃ ደለል ብቻ ሳይሆን የምንሸሸውን በሽታም ሊያመጣ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ ያለ ማጣሪያ አይገባም፤ የማጣሪያው ዓይን ከኖዝሉ ቀዳዳ አንድ አሥረኛ ቢሆን ይመረጣል። ካልሲየም ናይትሬትን ከሰልፌትና ከፎስፌት ማዳበሪያ ጋር ወፍራም ሳለ የሚቀላቅል ሰው ኖራ መሳይ ዝቃጭ ይሠራና ቀዳዳውን በእጁ ይደፍናል። ስለዚህ ሁለት በርሜል ያስፈልጋል። የናስ ኖዝልም ያምራል እንጂ፣ ወደ አሲድ በሚያደላው ብጥብጥ ውስጥ መዳብና ዚንክ እየለቀቀ ተክሉን ሊጎዳ ይችላል። ፕላስቲክ ወይም አይዝጌ ብረት ሆኖ በእጅ ተፈቶ የሚታጠበው ይሻላል።

ሦስተኛው መብራት ነው። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሥር አፈር የሚያቆይለት እርጥበት ስለሌለው መብራት ሲጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። «ሮቶ ከፍ አድርጌ እሰቅላለሁ» የሚል ቢኖር ሂሳቡን ይሥራ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው፤ በ3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ኖዝል አያስነሳም። ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው የፀሐይ ፓምፕ ከመጀመሪያው በወጪው ዝርዝር መግባት አለበት።

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ገዢው ከኖዝሉ ዋጋ ጥቂት ብር ለመቀነስ ቢጣጣር አይፈረድበትም። ሆኖም ኖዝሉ ሲደፈን የሚጠፋው የኖዝሉ ዋጋ ሳይሆን በሥሩ ያለው ሣጥን ሙሉ ዘር ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ትንሹ ወጪ ትልቁን ስጋት ተሸክሟል። ስለዚህ በጉም ኖዝልና በትልቅ ፓምፕ ላይ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ወደ ማጣሪያ፣ ወደ መጠባበቂያ ኃይልና ወደ ትርፍ ኖዝሎች ቢዞር ያዋጣል። አስመጪዎችም ዋጋ ብቻ ከመጥራት ቀዳዳውን፣ ግፊቱንና በሰዓት የሚያፈሰውን ሊትር ጽፈው ይሽጡ። ይህን የማይናገር ሻጭ ካጋጠመ ገንዘብን ይዞ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ማለፍ ነው።