ባቡር የሚገለብጠው ትንሹ ውኃ ነው

ስለ ባቡርና ስለ ጎርፍ በተነሳ ቁጥር የሚደመጥ አስተያየት አለ፦ መስመሩን ከትልልቅ ወንዞች ማራቅ፣ ድልድዩን የመቶ ዓመቱን ጎርፍ እንዲችል አድርጎ መሥራት፤ ከዚያ ያለፈው የፈጣሪ ሥራ ነው። አስተያየቱ ከመለመዱ የተነሳ ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን ስሌቱም ታሪኩም ይቃወሙታል።

ከስሌቱ እንጀምር። የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለው በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ጎርፍ ነው። 30 ዓመት በሚያገለግል ድልድይ ላይ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። መስመር ደግሞ በአንድ ድልድይ አያበቃም። በየራሳቸው ተፋሰስ ላይ የተሠሩ 100 የውኃ ማሳለፊያዎች ያሉት መስመር ቢኖርና ሁሉም የመቶ ዓመቱን ጎርፍ እንዲችሉ ሆነው ቢገነቡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዱ ከአቅሙ በላይ ውኃ የሚመጣበት ዕድል 63 በመቶ ነው። ለድልድዩ ብርቅ የሆነው ነገር ለመስመሩ የየክረምቱ ስጋት ነው።

ታሪኩ ከስሌቱ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2020 ጠዋት ከስኮትላንዷ አበርዲን ወደ ግላስጎ የተነሳ ባቡር፣ ከፊቱ መሬት ተንሸራቶ ሐዲዱን ስለዘጋው ስቶንሄቨን ከተባለችው ከተማ አለፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። በኋላም በመጣበት እንዲመለስ ታዘዘ። በአካባቢው በሦስት ሰዓታት ውስጥ 51.5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶ ነበር፤ በወሩ በሙሉ ከሚጠበቀው ሦስት አራተኛው ገደማ መሆኑ ነው። ሾፌሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍጥነት ገደብ ተጥሎ እንደሆነ ተቆጣጣሪውን ጠየቀ። ገደብ እንደሌለ ተነገረው። ባቡሩ ከተፈቀደለት ፍጥነት ሳያልፍ በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ካርሞንት የተባለው ቦታ ሲደርስ፣ ከላይ ታጥቦ ሐዲዱ ላይ የተከመረ ጠጠር ገጠመውና ሐዲዱን ሳተ። ከተሳፈሩት 9 ሰዎች ሦስቱ ሞቱ፤ ሾፌሩም አንዱ ነበር።

ጠጠሩን ያመጣው ወንዝ አልነበረም። ከሐዲዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 ካሪሊየን የተባለ ተቋራጭ ውኃ የሚያስወግድ ቦይ ሠርቶ ነበር፤ ውስጡ ቱቦ ተቀብሮ በጠጠር የተሞላ። የብሪታንያ የባቡር አደጋ መርማሪዎች በ2022 ባወጡት ሪፖርት ቦዩ በንድፉ መሠረት አለመሠራቱን አረጋገጡ። በንድፉ ያልነበረ የአፈር ክትር ከላይ ተሠርቶ የማሳውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ቦዩ ይለቀው ነበር። የቦዩ የላይኛው ክፍል ደግሞ በጥገና መዝገብ ውስጥ ስላልገባ መደበኛ ፍተሻ አልተደረገለትም። የመሠረተ ልማቱ ባለቤት ኔትወርክ ሬይል ጥፋቱን አምኖ በ2023 የ6.7 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት።

እንግዲህ የትኛው የወንዝ ጎርፍ ካርታ ነው ይህን ቦይ በቀይ የሚቀባው? አደጋው የተደገሰው በግንባታ ክትትልና በመዝገብ ላይ ነው። ያልተመዘገበ ቦይ አይጠረግም፤ ያልተጠረገ ቦይ ደግሞ ከባድ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ደህና ይመስላል።

ካርሞንት ብቻውንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 በሕንድ ቫሊጎንዳ አጠገብ፣ ከላይ ያለ የውኃ ማጠራቀሚያ ተደርምሶ ትንሽ የባቡር ድልድይ ጠርጎ ወሰደ፤ ከመቶ በላይ መንገደኞች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1953 የገና ዋዜማ በኒውዚላንድ ታንጊዋይ 151 ሰዎች የሞቱት የሩአፔሁ እሳተ ገሞራ ሐይቅ ሞልቶ ሲናድ የባቡሩን ድልድይ ስለሰበረው ነው። በሁለቱም ቦታ ጥፋቱ የመጣው ከድልድዩ ሥር ሳይሆን ከላይኛው በኩል ነው።

ካርታና የኮምፒውተር ሞዴል እየተሻሻለ ነው የሚሉ አሉ። ይሻሻል! ያልተመዘገበን ቦይ ግን ሞዴል አያውቀውም። ተዳፋቱን ሁሉ መፈተሽ ውድ ነው ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፦ ፍጥነት መቀነስ ርካሽ ነው። የባቡር ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብሪታንያ ከካርሞንት በኋላ በከባድ ዝናብ ጊዜ ባቡሮችን ማዘግየትን በሰፊው ሥራ ላይ አውላለች፤ ያደረገችው ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር ከደጋ ተነስቶ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል እስከ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። በጋውን ደርቀው የሚከርሙ፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ደራሽ ውኃ የሚያመጡ የአሸዋ ወንዞች ያሉበት አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍ የመጣው ከላይኛው ደጋ ነው።

ስለዚህ የጎርፍ ስጋትን ካርታ ዘርግቶ መገመት ይቅር። እያንዳንዱ ቦይና የውኃ ማሳለፊያ ይመዝገብ፤ መሐንዲሱ ከሐዲዱ ወደ ላይ፣ ውኃው እስከሚነሳበት ድረስ በእግሩ ይውጣ፤ ዝናቡ ሲበረታ ባቡሩ ይዘግይ። ምዝገባውና ፍተሻው የሚጠናቀቀው ክረምት ሳይገባ ነው።