ጤፉ የእኛ፣ ወረቀቱ የእነርሱ

ዛሬ የምናወጋው ስለ ፓተንት ነው። ቃሉ ከበድ ብሎባችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ ግን እስቲ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከፈረንጅ አገር ቢጀምርም መጨረሻው እናንተ ምጣድ ዳር ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ማታ በአንድ ትሪ ስትጎራረሱ፣ የምትጎርሱት ነገር በሩቅ አገር መዝገብ ውስጥ በሌላ ሰው ስም ተጽፎ እንደ ነበር ብነግራችሁ ምን ትሉ ነበር? (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓተንት ማለት በአጭሩ መንግሥት ለአንድ ፈልሳፊ የሚሰጠው፣ ጊዜ የተወሰነለት ብቸኛ መብት ነው። ፈልሳፊው ሥራውን እንዴት እንደ ሠራው አንድም ሳይደብቅ ጽፎ ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥትም በምላሹ ሌላ ሰው ያለ እርሱ ፈቃድ ያንን እንዳይሠራ ይከለክልለታል። በብዙ አገር ዘመኑ 20 ዓመት ነው። በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 በመጀመሪያ 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። መብቱን ለማግኘት ነገሩ አዲስ መሆን አለበት፤ የሙያው ሰው ሁሉ ያለ ብዙ ድካም ሊደርስበት የማይችል መሆን አለበት፤ ደግሞም የሚጠቅም መሆን አለበት። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ዐሥር ዓመት ለፍቶ መድኃኒት ያገኘ ሰው ልፋቱን በማግስቱ ጎረቤቱ ቢቀማው ነገ ማን ይለፋል?

ይሁንና ሰው ሰው ነውና መልካሙን ሕግ እንደ ላስቲክ መለጠጥ ያውቅበታል። አማዞን የተባለው ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ በ1999 በአሜሪካ ፓተንት ያገኘው በምን መሰላችሁ? ደንበኛው አንዴ ብቻ ቁልፍ ተጭኖ ዕቃ ስለሚገዛበት መንገድ ነው። አዎን፣ አንዴ ስለ መጫን! ሁለቴ የሚያስጭን ሱቅ ከክስ ነጻ ነው፤ አንዴ የሚያስጭን ግን ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። በዚያው ዓመት ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለውን መጽሐፍ ሻጭ ከሰሰው፤ አፕል ደግሞ በ2000 ከመከሰስ መክፈል ይሻላል ብሎ ፈቃድ ገዛ። ያ ፓተንት ዘመኑ ያለቀው በ2017 ነው። አፕል ራሱ በተራው ሳምሰንግን በ2011 ከሰሰ፤ ከክርክሮቹም አንዱ ጠርዙ ክብ ስለሆነ አራት ማዕዘን ቅርጽ ነበር። በ2012 ዳኞች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረዱለት፤ ክርክሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ በ2018 በስምምነት ተዘጋ። የእኛ አገር አናጢ ስንት ዘመን ሙሉ የጠረጴዛ ጠርዝ ሲያከብብ ኖረ፤ ክብ ጠርዝ ገንዘብ መሆኑን የነገረው ግን አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የምሳ ዕቃው ነው። በዚያው በ1999 አሜሪካ ውስጥ በሁለት ቁራሽ ዳቦ መካከል የለውዝ ቅቤና ማርማላታ ተደርጎ፣ ዳር ዳሩ ተቆርጦ የታሸገ ሳንድዊች ፓተንት ተሰጥቶታል! ስመከርስ የሚባለው ኩባንያ መብቱን ላስፋ ብሎ ሲሄድ በ2005 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። እናቶች ለልጆቻቸው ሲሠሩት የኖሩትን ነገር ማን ፈለሰፈው ይባላል?

ይህንን ጥያቄ ያዙልኝና ወደ ጤፍ እንሂድ።

በ2003 መጀመሪያ ላይ ከኢትዮጵያ ወደ ኔዘርላንድ ከአንድ ሺህ ኪሎ የሚበልጥ የጤፍ ዘር ሄደ። ዘሩ የተላከው በእርሻ ምርምር ድርጅታችንና በኔዘርላንድ ሰዎች መካከል በተደረገ ስምምነት እንጂ በጨለማ አልወጣም። በዚያው ዓመት ያንስ ሮስየን የተባለ ሰው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፈለሰፍሁ ብሎ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 ደግሞ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የሚባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራረመ። ውሉን ያነበቡ ሁሉ ወደዱት። ኩባንያው ባህላዊ ያልሆኑ ምግቦችንና መጠጦችን ከጤፍ ይሠራል፤ ከትርፉም ለኢትዮጵያ ያካፍላል፤ ጥቅም መጋራት እንዲህ ነው ተባለለት፤ ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ተወራለት። እንግዲህ ፊርማው ሲፈረም የፓተንቱ ማመልከቻ ቀድሞ ገብቶ እንደ ነበር ልብ በሉ። ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ ይህን የመሰለውን ነገር የሚገዛው አዋጅ፣ «የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት» የሚለው ቁጥር 482፣ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከውሉ በኋላ ማለት ነው። («አርካቦት» ምንድን ነው ብላችሁ መዝገበ ቃላት አትፈልጉ፤ ሀብቱን ማግኘት ወይም እርሱ ዘንድ መድረስ ለማለት ነው።)

በጥር 2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ማመልከቻውን አጸደቀው። ኔዘርላንድ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝና ጣሊያን መብቱ ከጸናባቸው አገሮች መካከል ነበሩ። ምን ተፈለሰፈ? ወረቀቱ እንደሚለው፣ ከሚፈጭበት ጊዜ የተወሰነ ልክ ያለፈ የጤፍ ዱቄት፣ ከእርሱም የሚቦካው ሊጥና የሚጋገረው ምግብ። ልኩ በሰከንድ ይቆጠራል፤ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በሙቀት ሲበስል በውስጡ አንዲት ዘንግ ቁልቁል እስክትሰጥም የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። ከ250 በላይ ከሆነ ዱቄቱ ይዟል ማለት ነው፤ ያነሰ ከሆነ እህሉ ገና አልበሰለም ወይም በቅሏል፤ ሊጡም ይቀጥናል። እዚያ ልክ ላይ ለመድረስ እህሉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሳይፈጭ ቢቆይ ይሻላል ይላል ወረቀቱ።

እህቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? እናትሽ «አዲሱ ጤፍ ይቆየን፤ አሁን አታስፈጪው» ብላሽ አታውቅም? እርሷ በሰከንድ አልለካችውም፤ የለካችው በምጣዷ ነው። እንጀራው ዓይን ካላወጣ ልኩ አልደረሰም።

ስንዴ የማይስማማቸው፣ ግሉተን የሚባለው ነገር ሆዳቸውን የሚያውካቸው ሰዎች በአውሮፓ ብዙ ናቸውና ጤፍ ጥሩ ገበያ ነበረው። ለኢትዮጵያ የደረሰው ግን በጠቅላላው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ያ ምሳሌ የተባለለት ውል ያስገኘው ይኸው ነው። በ2009 ኩባንያው ከሰርሁ አለ። ውሉም አብሮት ተቀበረ፤ ፓተንቱ ግን አልሞተም፤ ወራሽ አገኘ። ኩባንያውን ሲመሩ የነበሩት ሰዎች ሌሎች ኩባንያዎች አቋቁመው ነበርና ሥራው በእነርሱ ስም ቀጠለ። ኢትዮጵያ «ውላችንስ?» ብትል፣ ውል የገባሽው ከሟቹ ጋር ነው ሊባል ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ከነገሩ ሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው። ዘሩን የሰጠው ወገን ውሉ ሲሞት ባዶ እጁን ሲቀር፣ ወረቀቱን የያዘው ወገን መክሰሩ እንኳ አልጎዳውም።

ታዲያ ጤፍን ማን ነጻ አወጣው? አገር ጠበቃ ገዝታ ሄግ ድረስ ሄዳ ተከራክራ ይመስላችኋል? አይደለም። ፓተንቱን የያዘው ኤንሸንትግሬይን የተባለው ኩባንያ፣ ቤከልስ ሲኒየር የሚባል ለዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄትና ቅመም የሚያቀርብ ሌላ የኔዘርላንድ ድርጅት መብቴን ጣሰ ብሎ ከሰሰው። ተከሳሹም «ኧረ ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 የተከሳሹን ክርክር ተቀበለ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የሙያው ሰው ከሚያውቀው የማያልፍ፣ የፈጠራ እርምጃ የሌለበት ነገር ነው ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። ከሳሹም ይግባኝ አላለም። በየካቲት 2019 የጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ ዜናውን በትዊተር ገለጹልን፤ እኛም እልል አልን። ደስታው ደስታ ነው፤ ጅቡን ያባረረው ግን የጎረቤት ውሻ ነበር። ያ ዱቄት ነጋዴ ፈርቶ ከፍሎ ቢሆን ኖሮስ? ፍርዱ ደግሞ የሚገዛው ኔዘርላንድን ብቻ ነበር፤ በሌላው አገር ቀርቶ የነበረ ቢኖር እንኳ 20 ዓመቱ በ2024 ሞልቷልና ዛሬ ስለዚያ ፓተንት የምንጨነቅበት ምክንያት የለም።

ሁልጊዜ ግን ጎረቤት አልጠበቅንም። ገና በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ መሪነት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ሐሳቡን አልወደደውም፤ ክርክሩ ዓለም ሰማው፤ በ2007 ግን ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ። ጠይቆ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው፤ መጠየቂያውን ክፍል ማወቅ ይፈልጋል እንጂ።

እንግዲህ ፈረንጁን ይህን ያህል ካማነው፣ እስቲ በራችንን እንዝጋና ስለ ራሳችን ጥቂት እናውራ። በየቤታችሁ ያለው የመዝሙር ፍላሽ ከየት መጣ? ዱሮ ካሴት ነበር፤ ከዚያ ሲዲና ቪሲዲ መጣ፤ አሁን ደግሞ አንዱ ዘማሪ ስንት ወር ለፍቶ፣ ለስቱዲዮና ለሙዚቃ አቀናባሪ ከፍሎ ያወጣው ሥራ ገና በወጣበት ሳምንት ከስልክ ወደ ስልክ ይሸጋገራል። «ለጌታ የተዘመረ ነው፤ ለጌታ ሕዝብ ይድረስ» እንላለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል፤ ለመላው መዘምራን፣ ለሰፈሩና ለባጃጅ ሾፌሩ ማባዛትን ግን አይደለም። የጤፍን ነገር ሲሰማ ጠረጴዛ የሚደበድበው ወንድማችን ኪሱ ውስጥ ሁለት መቶ ያልተከፈለባቸው መዝሙሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ባለቤቱ ይህን ገጽ ጮክ ብላ ብታነብለት አልቃወምም።

ወደ ጉብሬ ልመለስ። እዚህ የእኛ ነገር ከጤፍ ይልቅ እንሰት ነው። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበት ይህ ተክል ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ቡላው ይጨመቃል፣ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተከቶ ይብላላል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ውሳ ሆኖ ከክትፎና ከአይብ ጋር ይቀርባል። የትኛው ዝርያ ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለአጥንት ስብራት እንደሚሻል እናቶቻችን ቅጠሉን አይተው ይለያሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት አለ፤ የሚበዛው ግን የተቀመጠው በአማቶቻችሁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የእንሰትን ዘረመል ረቂቅ በ2014 አሳትመውታል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ የወጣ ጥሩ ሥራ ነው። እነርሱ ግን ጻፉት። እኛስ?

መጻፍ ለምን ይጠቅማል ለምትሉ፣ ስለ እርድ ልንገራችሁ፤ ስለዚያው ለአልጫ ስለምትጨምሩት ቢጫ ቅመም። በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ለማዳን ይውላል በሚል ፓተንት ተሰጠበት። ሕንዶች አያቶቻችን ያውቁት ነበር ብለው በመጮህ ብቻ አልተዉም፤ የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍና በ1953 የታተመ የሳይንስ ወረቀት ይዘው ቀረቡ። በ1997 ፓተንቱ ተሻረ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር ሰዎች ሲሠሩበት ኖረዋል የሚለውን ብቻውን አይቆጥርም ነበር፤ የታተመ ነገር አምጡ ይል ነበር። ይህ የተለወጠው በ2013 ነው። ሕንዶቹ ግን ለውጡን አልጠበቁም፤ ከ2001 ጀምረው የባህል መድኃኒቶቻቸውን የፓተንት መርማሪዎች ሊያነቡት በሚችሉት መልክ ማሰባሰብ ጀመሩ።

በግንቦት 2024 ደግሞ ጄኔቫ ላይ አገሮች አዲስ ስምምነት አጽድቀዋል፤ በዘረመል ሀብት ወይም በማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ የቆመ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ምንጩን ይናገር የሚል ነው። ሥራ ላይ የሚውለው 15 አገሮች ሲያጸኑት ነው። ሳይናገር የቀረ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ፓተንቱ አይሰረዝበትም፤ ስለዚህ ጥርሱ ገና የወተት ጥርስ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሥራው ከቤት ይጀምራል። በሚቀጥለው ጊዜ አማታችሁ ዘንድ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። በጓሮው ያለውን የእንሰት ስም በየዓይነቱ ይጥሩላችሁ፤ ለምን እንደሚውል፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ስንት ወር ጉድጓድ እንደሚቆይ ጻፉ፤ ቀኑንና ቀበሌውን አትርሱ። እናት ጉልበታቸው ከደከመ አንዳችሁ ፋቁላቸው፣ አንዳችሁ ጻፉ፤ ወንዱ መፋቁን እንዲሞክረው እመክራለሁ፤ እጁ እስኪዝል ድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ደብተሩ ግን ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ የሩቁ መርማሪ አያየውም፤ መታተም አለበት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው ከእኛው ጉብሬ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ተማሪም መምህርም አለው። በሩን ሄዶ ማንኳኳት የሁለት ሰው የባጃጅ ሒሳብ ነው።