ስለ ሲኦል የሚናገር አንደበት

ሰይጣን ይቅር እንዲባል ፈጣሪን የለመነች ኢትዮጵያዊት ቅድስት አለች። ክርስቶስ ሠምራ ትባላለች፤ ትውልዷ ቡልጋ፣ ገዳሟ ጣና ላይ ጓንጉት ነው። ገድሏ እንደሚተርከው፣ የለመነችው የአዳም ልጆች ከሥቃይ እንዲያርፉ ብላ ነው፤ አሳቹ ከታረቀ የሚሳሳት አይኖርም። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ወርዳ ዲያብሎስን ለዕርቅ ብትጠራው በቁጣ ወደ ጥልቁ ጎተታት። ሚካኤል ደርሶ አወጣት። ስትወጣም ብቻዋን አልነበረችም፤ ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ።

ገድሉን የሚቀበል አለ፤ ወንጌላዊው አማኝ ደግሞ አይቀበለውም። ለሁለቱም የሚሆን ቁም ነገር ግን አለበት። ቅድስቲቱ ሲኦልን አልካደችም። ሥቃዩ እውነት መሆኑን ከልብ ብታምን ነው አንድም ፍጥረት እንዲገባበት አንጀቷ እንቢ ያላት።

ዛሬ አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ መገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ስለ ገሃነም የሚሰማው በሌላ ድምፅ ነው። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ሰባኪው የአላፊ አግዳሚውን አለባበስ እያነሣ እሳቱን ይደግሳል። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ እግሯ የዛለ እናት ዘንቢሏን እንደያዘች ፊቷን ታዞራለች። በኦርቶዶክሱም ወገን ጎረቤቱን «መናፍቅ» ብሎ በአንድ ቃል ለገሃነም የሚያስረክብ አይጠፋም። ክርስቶስ ራሱ ስለ ገሃነም ደጋግሞ አስተምሯል፤ ያንን ከወንጌል ቆርጦ መጣል አይቻልም። የሚያሳዝነው፣ ሰው ይጠፋል ብሎ የሚያምን ሰባኪ ስለዚያው ሰው ሳይጨነቅ መናገሩ ነው። የሚጠፋው ሰው የገዛ ወንድሙ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቃና ይናገር ነበርን?

ከመገናኛ ሽቅብ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ይህን ጥያቄ በሕይወትና በሞት መካከል ተጋፍጦታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. እዚህ ተራራ ላይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሺህ ሰዎች ጸበል ፍለጋ ወጡ። ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ልብሳቸውን አውልቀው ይሰለፉ ነበር፤ አጥማቂው ከቢጫ ጀሪካን ውሃውን ያፈስስባቸው፣ በመስቀል ይዳስሳቸው ነበር። ብዙዎቹ ቤተሰብ ያገለላቸው፣ በሽታው የኃጢአታቸው ቅጣት መሆኑ የተነገራቸው ነበሩ። ገና በሕይወት ሳሉ ተፈርዶባቸዋል።

በ1997 ዓ.ም. ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ጸበል እየተጠመቁ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚል ሐሳብ ሰፍኖ ነበር። ሰው መድኃኒቱን ከወሰደ ለነፍሱ ይፈራል፤ ከተወው ሥጋው ይሞታል። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። በሥልጣን ዘመናቸው ከተናገሩት ሁሉ ይህ ሊታወስላቸው ይገባል፤ ያ ቃል ከሕሙማኑ ትከሻ ላይ ከባድ ፍርሃት አውርዷል።

ደግሞስ መጽሐፉ ምን ይላል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በግራ የቆሙት የሚጠየቁት የተራበውን ስላላበሉ፣ የታመመውን ስላልጠየቁ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ትውፊት ነዌ የሚለው ባለጸጋ በሲኦል የተሠቃየው፣ ቁስለኛው አልዓዛር ደጁ ላይ ወድቆ ሳለ በልቶ ጠጥቶ በማደሩ ነው። እሳት ውስጥ ሆኖ እንኳ ነዌ ስለ አምስት ወንድሞቹ ለምኗል፤ ወደዚያ እንዳይመጡ የሚነግራቸው ይላክ ብሎ። ከድምፅ ማጉያው ጀርባ የቆመው ሰው ቢያንስ የዚህን ኃጢአተኛ ያህል ሊራራ ይገባዋል። ስለ ሲኦል የሚያስፈራሩት ጥቅሶች ተሰብስበው ቢነበቡ፣ በሽተኛን ያስጨነቀ ሰባኪ ራሱን ከተከሳሾቹ መካከል ያገኘዋል።

የገዳም መነኮሳት የሚያነቡት ማር ይስሐቅም፣ የሰባተኛው መቶ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ፣ ርኅሩኅ ልብ ለአጋንንት እንኳ ያለቅሳል ብሎ ማስተማሩ የታወቀ ነው። ይህን የምታነብ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎቿን በዚሁ ልብ ማሠልጠን አለባት፤ የወንጌላውያን አጥቢያዎችም እንዲሁ። መገናኛ የሚቆመው ወንጌላዊ ድምፅ ማጉያውን አጥፍቶ አንዱን ደካማ በስሙ ይጥራ፣ ምን እንደጎደለው ይጠይቅ። እንጦጦ ያለው አጥማቂ ከማጥመቁ በፊት መድኃኒቱን ዛሬ ወስዶ እንደሆነ ሕሙሙን ይጠይቀው። ሁለቱም ስለ ዘላለም የሚሉትን ከዚያ በኋላ ይናገሩ።