ከሥዕሉ ግርጌ የሚታየው ጭረት

ለዛሬው አምዳችን መነሻ የሆነን በራሳችን ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ስታዲየም በቴሌቪዥን የተላለፈ የዒድ ሰላት በቪዲዮ ካሴት ቀድተው አስቀምጠው ነበር። ባለፈው ረመዳን ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ተሰበሰብን። ሥዕሉ እንደ ወጣ ግን ግርጌው ላይ ወደ ጎን የተጣመመና የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ጭረት ታየ። እህታችን «ካሴቱ አለቀለት» አለች፤ ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ጠርዙን ዙሪያውን ቆርጦ ቀሪውን ለማስፋት ቸኮለ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ለመሆኑ ይህ ጭረት ከየት መጣ? በቪኤችኤስ ዴክ ውስጥ በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚሽከረከር ትንሽ ከበሮ አለ። በከበሮው ላይ ፊትና ኋላ ሁለት ሄዶች ተተክለዋል፤ አንደኛው ከካሴቱ ክር የድርሻውን አንብቦ ሲጨርስ ሁለተኛው ይቀበለዋል። ርክክቡ የሚፈጸመው ሥዕሉ ሊያልቅ ጥቂት መስመሮች ሲቀሩት ነው። በዚያች ቅጽበት ሥዕሉ ይናወጣል። እንግዲህ ጭረቱ የካሴቱ በሽታ ሳይሆን የማሽኑ ጠባይ ነው፤ አዲስ ካሴት ላይም አለ። ያን ጊዜ ያላየነው ጀርባው ትልቅ የነበረው የድሮ ቴሌቪዥን የሥዕሉን ዳርቻ ከክፈፉ ኋላ ይደብቀው ስለነበር ነው። ኮምፒውተር ግን ሁሉንም ያወጣዋል።

የተደበቀው ታዲያ ጭረቱ ብቻ አልነበረም። ካሜራው ሶፉን እያሳየ ሲያልፍ በቀኝ ጠርዝ ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰው ብቅ አሉ። እናታችን «ወንድሜ!» ብለው ተነሡ። ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው አጎታችን ነበሩ! ካሴቱን በየዒዱ ስናየው ኖረን አንድም ቀን አላየናቸውም። ወንድማችን ዙሪያውን ቆርጦ ቢሆን ኖሮ አሁንም አናያቸውም ነበር። መቀሱን ያስቀመጠው ያኔ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከካሴቱ የተገለበጠው ፋይል ከነጭረቱ፣ ሳይነካ ይቀመጥ። ማስተካከሉ በቅጂው ላይ ይሁን። በፓል ሥርዓት ሥዕሉ 576 መስመር አለው፤ ጭረቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ መስመሮች ይይዛል። ለዲቪዲ ከሆነ መጠኑ 720 በ576 መሆን ስላለበት መቁረጥ አያስፈልግም፤ ጭረቱን በጥቁር ቀለም መሸፈን ይበቃል። ለስልክ ወይም ለኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ግርጌውን ቆርጦ መጣል ይቻላል። ያኔም ቢሆን በፕሮግራሞቹ ላይ ዲኢንተርሌስ የሚባለው ሥራ ይቅደም፤ የሚቆረጠው መስመር ቁጥሩ ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈል ይሁን። የቀረውን ወደ ላይ መለጠጥ ግን የሰውን ፊት ያረዝማል፤ አጎታችን ደግሞ ድሮም ረጅም ነበሩ።

ጭረቱን የመሸፈን ሌላ ጥቅምም አለው። ኮምፒውተር ፋይል የሚያሳንሰው ከሥዕል ወደ ሥዕል ያልተለወጠውን እየዘለለ ነው። ጭረቱ ግን ለአፍታም ስለማያርፍ ለሰዎቹ ፊት የሚገባውን ቦታ ይሻማል።

ጭረቱ ከግርጌ አልፎ ወደ መሐል ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ በዴኩ ላይ ትራኪንግ የሚለውን ማስተካከል፣ ካልሆነም ሄዱን በሚያውቅ ሰው ማስጸዳት ያሻል። የላይኛው ጠርዝ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ታይም ቤዝ ኮሬክተር ያለው ዴክ ይረዳል። ይህን የቀረጻ ችግር በኋላ በፕሮግራም ማቃናት አስቸጋሪ ነውና ሲገለበጥ ሳለ ይታረም።

ዴክ ያለው ሰው እንዳይሸጠው እንመክራለን። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ የቪኤችኤስ ዴክ መሥራቱን በ2016 እ.ኤ.አ. ካቆመ ወዲህ የሚገኘው አሮጌው ብቻ ነው። እኛም የአባታችንን ካሴት ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቀን፣ እንደ መጽሐፍ አቁመን ወደ ሣጥኑ መልሰነዋል። ቅጂው ለአጎታችን ልጆች ተልኳል።